07 ሲም ርካሽ ስልካችሁ ላይ ይሠራል? ብር ከመክፈላችሁ በፊት የሚደረግ ፍተሻ

«ይሄ ስልክ 07 ይቀበላል?»

ኮዬ ፈጬ ውስጥ ትንሽ የስልክ መጠገኛ ቤት አለኝ። ከሁሉ አብልጬ የምሰማው ጥያቄ ይሄ ነው። ታሪኩም ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። ስልኩ መገናኛ ወይም መርካቶ ይገዛል። ሱቁ ውስጥ ሲም ይገባበታል፣ ባሩ ይሞላል፣ ገዢው ደስ ብሎት ከፍሎ ይወጣል። ማታ ኮንዶሚኒየሙ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲደርስ ስልኩ «ኖ ሰርቪስ» ብሎ ቁጭ። በማግስቱ እኔ ጋ ይመጣል። ስልኩ ግን አልተበላሸም። የሚጠገን ነገር የለውም። መጀመሪያውኑ ለዚህ ሰፈር የሚሆን ስልክ አልነበረም።

መልሱን ለእያንዳንዱ ሰው ከምደግመው ጽፌ ላስቀምጠው ብዬ ነው። ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ፣ ጀሞ፣ ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ ላላችሁም ይሆናል። 07 የምለው የሳፋሪኮም ኢትዮጵያን ሲም ነው፣ 09 ደግሞ የኢትዮ ቴሌኮምን። ፍተሻው ለሁለቱም አንድ ነው። ጥያቄው በ07 የሚበዛው ኔትወርኩ ዘግይቶ የገባ ስለሆነ ነው። ዳር ሰፈር ላይ ስልካችሁ አንዱን ባንድ ካልያዘ የሚተካው ሌላ ላይኖር ይችላል።

መጀመሪያ ይቺን ብቻ ያዙ

ኔትወርክ በሬዲዮ ሞገድ ነው የሚመጣው። ሬዲዮናችሁ 97.1ን ይይዛል፣ ግን መስመሩ 100 ላይ ያበቃል እንበል። 105.3ን ምንም ብትፈልጉ አታገኙትም። ሬዲዮኑ ተበላሽቶ አይደለም፣ ያ ክፍል የለውም። ስልክም እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ የሞገድ ክፍል «ባንድ» ይባላል፣ ቁጥርም አለው። ርካሽ ስልክ ርካሽ ከሚሆንበት ምክንያት አንዱ የሚይዘው ባንድ ጥቂት መሆኑ ነው።

ሁሉም ባንድ ደግሞ እኩል አይደለም። ዝቅ ያለው ሞገድ፣ 700፣ 800 እና 900 ሜጋኸርዝ የሚባለው፣ ሩቅ ይሄዳል። ግድግዳም ይበሳል። ከፍ ያለው፣ 1800፣ 2100 እና 2600፣ ብዙ ዳታ ይሸከማል፣ ግን ቶሎ ይደክማል። መሀል ከተማ ማማዎቹ ተቀራርበው ስለቆሙ ከፍ ያለውም ይበቃል። ዳር ላይ ማማው ይርቃል፣ በመሀል ደግሞ የብሎኬት ግድግዳና የኮንክሪት ወለል አለ። ቤታችሁ ድረስ የሚደርሰው ያ ዝቅ ያለው ብቻ ከሆነና ስልካችሁ እሱን ካልያዘ፣ መገናኛ ላይ የሚያበራው ስልክ ኮዬ ላይ ካሜራ ብቻ ይሆናል።

የሚያስፈልጋችሁ

- የምትፈትሹት ስልክ፣ ባትሪው ቢያንስ ግማሽ የሆነ
- የሚሠራ 07 ሲም፣ ጥቂት ብርና ትንሽ ዳታ ያለው (ከሌላችሁ ከጓደኛ ተዋሱ)
- 09 ሲማችሁ
- የሲም መርፌ። ከጠፋ የተዘረጋ የወረቀት ክሊፕ ይሆናል
- ኢንተርኔት ያለው ሌላ ስልክ
- ወረቀትና እስክሪብቶ
- ከሻጩ ጋር «ቤት ሞክሬ ካልሠራ እመልሳለሁ» የሚል ስምምነት፣ ቢቻል ደረሰኙ ላይ የተጻፈ

የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል። ደረጃ 8 ላይ ስትደርሱ ለምን እንደሆነ ታያላችሁ።

ደረጃ 1፦ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ቤታችሁ ያለውን ባንድ አንብቡ

ብዙ ሰው «የ07 ባንድ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቀኛል። አንድ ቁጥር ነግሬው ቢሄድ ደስ ይለኝ ነበር። ግን አንድ ኩባንያ ከአንድ በላይ ባንድ ይጠቀማል፣ የትኛው ባንድ የት እንደሚደርስም ከሰፈር ሰፈር ይለያያል። ስለዚህ ቁጥሩን ከሰው አትጠይቁ፣ ከራሳችሁ ቤት አንብቡት።

07 በደንብ የሚሠራለት ጎረቤት ፈልጉ። ስልኩን ይዞ ቤታችሁ እንዲገባ ጠይቁት። ቡና ካፈላችሁለት እምቢ አይልም። ዋይፋይ አጥፉና እንዲህ አድርጉ፦

- ስልኩ ሳምሰንግ ከሆነ መደወያው ላይ *#0011# ጻፉ።
- አይፎን ከሆነ *3001#12345#* ጽፋችሁ ደውሉ።
- ሌላ አንድሮይድ ከሆነ ከፕሌይ ስቶር «ኔትሞንስተር» የሚባለውን አፕ አውርዱ።

ስክሪኑ ላይ ብዙ ቁጥር ይመጣል። አትደንግጡ፣ የምትፈልጉት ሁለት ነገር ነው። አንዱ «ባንድ» ከሚለው ጎን ያለው ቁጥር ነው። ሌላው «አርኤስአርፒ» ከሚለው ጎን ያለው የመቀነስ ምልክት ያለበት ቁጥር ነው፣ የ4ጂውን ጉልበት ይናገራል። መኝታ ቤት፣ ሳሎንና መስኮቱ አጠገብ ቆማችሁ ሦስቱንም ቦታ ጻፉ። እያንዳንዱ ቦታ ላይ አንድ ደቂቃ ጠብቁ፣ ስልኩ ባንድ ለመቀየር ጊዜ ይወስዳል። መስኮቱ ላይ አንድ ባንድ፣ መኝታ ቤት ሌላ ባንድ ካያችሁ ሁለቱንም ጻፉ። መኝታ ቤት ያያችሁትን አስምሩበት። ስልካችሁ የግድ መያዝ ያለበት እሱን ነው።

ቁጥሩን በሞገድ ለመተርጎም ይቺን ያዙ። ባንድ 1 ማለት 2100 ነው። ባንድ 3፣ 1800። ባንድ 7፣ 2600። ባንድ 8፣ 900። ባንድ 20፣ 800። ባንድ 28፣ 700።

ደረጃ 2፦ የሞዴሉን ሙሉ ስም አግኙ

«ጋላክሲ ኤ12 ነው» አይበቃም። በአንድ ስም የሚሸጡ ስልኮች ለየገበያው የተለያየ ባንድ ተሰጥቷቸው ይወጣሉ። ሴቲንግስ ገብታችሁ «አባውት ፎን» ውስጥ የሞዴል ቁጥሩን ፈልጉ። ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። ካልተመሳሰሉ ካርቶኑ የሌላ ስልክ ነው።

ሳምሰንግ ላይ ወሬው ያለው መጨረሻዋ ፊደል ላይ ነው። ኤስኤም-ኤ125ኤፍ እና ኤስኤም-ኤ125ዩ ሁለቱም ጋላክሲ ኤ12 ናቸው። ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው አትለዩአቸውም። «ኤፍ» ለአውሮፓ፣ ለአፍሪካና ለመካከለኛው ምሥራቅ የተሠራው ነው። «ዩ» በአሜሪካ የስልክ ኩባንያዎች በኩል የሚሸጠው ነው። «ኤን» የኮሪያ፣ «ደብሊው» የካናዳ ነው። መጨረሻው «0» ከሆነ ብዙ ጊዜ የቻይና ነው። ለእኛ የሚመቸው «ኤፍ» ነው። ሌላው አይሠራም ማለት አይደለም፣ ግን ከደረጃ 3 እስከ 8 አንዱንም ሳትዘሉ ሂዱ ማለት ነው።

ቴክኖ፣ አይቴልና ኢንፊኒክስ ላይ ይሄ ጣጣ ያንሳል። አብዛኞቹ የሚሠሩት ለእንደኛ ዓይነት ገበያ ነው። እዚያ የሚያስቸግረው ሌላ ነገር ነው፣ ደረጃ 9 ላይ እመጣበታለሁ።

ደረጃ 3፦ የስልኩን ባንድ ከወረቀታችሁ ጋር አስተያዩ

በሌላኛው ስልክ ሙሉውን የሞዴል ቁጥር ጎግል ላይ ጻፉ። የስልክ ዝርዝር የሚያወጡ ድረ ገጾች «ኔትወርክ» በሚለው ክፍል ውስጥ የ2ጂ፣ የ3ጂና የ4ጂ ባንዶችን ለየብቻ ያስቀምጣሉ። ከወረቀታችሁ ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ።

ከ4ጂው ዝርዝር ላይ አትቁሙ። ብዙ ስልኮች ሲደወል ከ4ጂ ወርደው በ3ጂ ወይም በ2ጂ ነው የሚያወሩት። በ4ጂ ላይ ማውራት የሚቻለው ስልኩ፣ ሲሙና ኩባንያው ሦስቱም ሲስማሙ ብቻ ነው። ስለዚህ 2ጂ ላይ 900 እና 1800፣ 3ጂ ላይ ደግሞ 900 እና 2100 መኖራቸውን እዩ። 2ጂው 850 እና 1900 ብቻ ከሆነ የአሜሪካ ገበያ ስልክ ነው፣ ተዉት። «ዩቲዩብ ያሳያል፣ ግን አይደወልም» እያሉ የሚመጡልኝ ስልኮች አብዛኞቹ እዚህ ላይ የወደቁ ናቸው።

የ4ጂው ዝርዝር 2፣ 4፣ 12፣ 13፣ 66፣ 71 እያለ የሚሄድ ከሆነ ይሄም የአሜሪካ ነው። ባንድ 3 ወይም 7 ከመሀላቸው ካለ መሀል ከተማ ላይ ሊሠራ ይችላል። ሱቁ ውስጥ የሚያታልላችሁ ይሄ ነው።

ለቻይና ገበያ የተሠሩ ስልኮች ደግሞ ሌላ ጉድ አላቸው። ባንድ 1፣ 3 እና 8 ይኖራቸዋል። ከ38 እስከ 41 ያሉትም ይደረደራሉ። 20 እና 28 ግን ብዙ ጊዜ ይጎድላቸዋል። ዝርዝሩ ረጅም ስለሆነ ሁሉም ያለ ይመስላል። ርዝመቱን ተዉትና መኝታ ቤት ያሰመራችሁበትን ቁጥር ፈልጉ።

ደረጃ 4፦ *#06# ደውሉ

15 አሃዝ ያለው የአይኤምኢአይ ቁጥር ይመጣል። ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ሁለት ቁጥር ያሳያል። ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። የመጀመሪያዎቹ 8 አሃዞች የስልኩን ሞዴል ይናገራሉ። ኢንተርኔት ላይ ቁጥሩን የሚያጣሩ ገጾች ውስጥ ስታስገቡት ሌላ ሞዴል ከወጣ፣ እጃችሁ ያለው ኮፒ ነው ወይም ሶፍትዌሩ ተነካክቷል።

ቁጥሩ ባዶ ከሆነ ወይም ዜሮ ብቻ ከሆነ ስልኩን መልሱ። ያ ስልክ ብዙ ጊዜ ያለ ቦታው ፍላሽ ተደርጎ፣ ማለትም ሶፍትዌሩ እንደገና ተጭኖ፣ ቁጥሩን ያጣ ነው። ኔትወርክ አይይዝም፣ ቢይዝም አይዘልቅም። «ቁጥሩን እኔ እጽፍላችኋለሁ» የሚል ቤት ካገኛችሁም አትግቡ።

ደረጃ 5፦ ሎክ መሆኑን እዩ

ባለፈው እማማ አንዲት ሳጥን ታቅፈው መጡ። ልጃቸው ከአሜሪካ የላከችላቸው ስልክ ነው፣ ላስቲኩ እንኳን አልተላጠም። «ልጄ፣ ይሄ ስልክ ካርዱን ስሰጠው ኮድ አምጪ ይለኛል። ምን ኮድ አለኝ እኔ?» አሉኝ። ስልኩን አየሁት። ልጅቷ በወር በወር እየከፈለች የወሰደችው ነው። ክፍያው እስኪያልቅ ስልኩ የዚያን ኩባንያ ሲም ብቻ ነው የሚቀበለው። እዚህ ማንም አይፈታውም፣ ኩባንያው ራሱ ነው የሚፈታው። ለልጅቷ ደውለን ነገርናት። እማማ የድሮዋን ቁልፍ ስልካቸውን ይዘው ተመለሱ።

ባንዱ ሁሉ ቢሟላ እንኳን ሎክ የሆነ ስልክ አይሠራም። እንዲህ ታጣሩታላችሁ፦

- አይፎን ላይ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ጄኔራል፣ ከዚያ አባውት። «ካሪየር ሎክ» ከሚለው ጎን «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» ካለ ክፍት ነው። ሌላ ነገር ካለ ሎክ ነው።
- አንድሮይድ ላይ 07 ሲሙን አስገቡና ስልኩን አጥፍታችሁ አብሩት። «ኔትወርክ አንሎክ ፒን» ወይም ይህን የመሰለ ነገር ከጠየቀ ሎክ ነው።
- የሲም ማውጫውን ስባችሁ ከሲሙ ሥር እንደ ወረቀት የሳሳ ሌላ ቺፕ አለ ወይ ብላችሁ እዩ። ሎክ የሆነ አይፎንን የሚያታልል ቺፕ ነው። ዛሬ ይሠራል። ስልኩ አንድ ቀን ሌሊት አፕዴት ሲያደርግ ይቆማል።

⚠️ ጥንቃቄ፦ የአንሎክ ኮድ በግምት አትሞክሩ። የሙከራው ብዛት የተወሰነ ነው። ሲያልቅ ትክክለኛው ኮድ ቢመጣም ስልኩ ላይቀበለው ይችላል።

ደረጃ 6፦ ስልኩ 07ን ይሰማል ወይ?

ይቺን ብዙ ሰው አያውቃትም። 07 ሲም ሳይኖራችሁ፣ በ09 ሲም ብቻ መሞከር ትችላላችሁ።

ሴቲንግስ ገብታችሁ «ሞባይል ኔትወርክ»፣ ከዚያ «ኔትወርክ ኦፕሬተርስ» የሚለውን ክፈቱ። «አውቶማቲክ» የሚለውን አጥፉት። ስልኩ በአካባቢው የሚሰማውን ኔትወርክ ሁሉ መፈለግ ይጀምራል። ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። በመሀሉ ዳታ ይቋረጣል፣ አትነካኩት።

ሲጨርስ የስም ዝርዝር ያወጣል። ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ሳፋሪኮም የሚል ካያችሁ ስልኩ ቢያንስ አንዱን የ07 ባንድ ይሰማል። አንዳንድ ስልክ ስም አያወጣም፣ ቁጥር ብቻ ያሳያል። 636 የኢትዮጵያ መለያ ነው። 63601 ኢትዮ ቴሌኮም፣ 63602 ሳፋሪኮም ነው። ከስሙ አጠገብ 2ጂ፣ 3ጂ ወይም 4ጂ የሚል ካለ ጻፉት። 2ጂ ብቻ ካሳየና የጎረቤታችሁ ስልክ እዚያው ቦታ 4ጂ ካሳየ፣ የጎደለውን ባንድ አገኛችሁ ማለት ነው።

ስሙን ስለሰማ ብቻ ይገባል ማለት አይደለም። ሎክ የሆነ ስልክም ይሰማል። ለዚህ ነው ደረጃ 5 የሚቀድመው። ስትጨርሱ «አውቶማቲክ» የሚለውን መልሳችሁ አብሩ። ይቺን ረስተው ሁለት ቀን ኔትወርክ አጥተው የመጡ አሉ።

ደረጃ 7፦ 07 ሲሙን አስገብታችሁ ሦስት ነገር ሞክሩ

1. ደውሉ። 700 ብትደውሉ የሳፋሪኮም ደንበኞች አገልግሎት ያነሳል። ከዚያ ወደ ራሳችሁ 09 ደውሉና ቢያንስ ሁለት ደቂቃ አውሩ። ጥሪው መሀል ላይ የሚቆረጥ ከሆነ ስልኩ ከባንድ ባንድ ሲዘል እየወደቀ ሊሆን ይችላል።
2. አስደውሉ። መደወል መቻል ጥሪ እንደሚገባላችሁ አያረጋግጥም። ዳታ ክፍት ሆኖ ከ09ኛው ስልክ ወደ 07 ይደወል። «ሊያገኙት አይችሉም» ካለ፣ ስልኩ 4ጂ ላይ ተቀምጦ ለጥሪ ወደ 3ጂ ወይም 2ጂ መውረጃ አጥቶ ሊሆን ይችላል።
3. ዳታ ክፈቱ። ዋይፋይ ጠፍቶ አንድ ድረ ገጽ ክፈቱ። ባሩ ሞልቶ ገጹ ካልከፈተ ባንዱን አትጠርጥሩ። «አክሰስ ፖይንት ኔምስ» የሚለው ውስጥ ገብታችሁ «ሪሴት ቱ ዲፎልት» በሉ። ባዶ ሆኖ ከቀረ 700 ደውላችሁ የኢንተርኔት ሴቲንግ እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። ኮፒ ስልኮችና የሌላ አገር ሶፍትዌር ያላቸው እዚህ ላይ ነው የሚያንገላቱት።

ስክሪኑ የሚለውን ቃልም አስተውሉ። «ኖ ሰርቪስ» ካለ ስልኩ ምንም አይሰማም፣ ወይ ባንድ ወይ አንቴና ነው። «ኢመርጀንሲ ኮልስ ኦንሊ» ካለ የሆነ ኔትወርክ ይሰማል፣ ግን አላስገባውም። ሲሙ አልተመዘገበም፣ ወይም ስልኩ ሎክ ነው፣ ወይም የሚሰማው የሌላኛውን ኩባንያ ኔትወርክ ብቻ ነው። ደረጃ 6ን ደግማችሁ ለዩት።

ደረጃ 8፦ ቤታችሁ ወስዳችሁ ሞክሩ

ሱቅ ውስጥ የሚደረገው ፍተሻ ሁሉ የሚነግራችሁ ስለ ሱቁ ነው። ስለዚህ ነው የመመለሻ ስምምነት ያልኳችሁ። ሻጩ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ፣ ሞልቷል።

ደረጃ 1 ላይ ወዳነበባችሁባቸው ሦስት ቦታዎች ሂዱና አዲሱን ስልክ በዚያው መንገድ አንብቡ። የአርኤስአርፒ ቁጥሩ ወደ ዜሮ በተጠጋ ቁጥር ይሻላል። ከ−90 ወዲህ ከሆነ ጥሩ ነው። −100 አካባቢ ያሠራል። −110 ላይ ቪዲዮ ይንቀራፈፋል። −120 ላይ ኔትወርኩ መጣሁ ሄድኩ ይላል።

ከጎረቤታችሁ ስልክ ጋር አስተያዩት። አንድ ቦታ፣ አንድ ባንድ ላይ ሆነው የጎረቤታችሁ −95፣ የእናንተ −112 ካለ የስልኩ አንቴና ደካማ ነው፣ ወይም ሲጠገን ተነካክቷል። ባንዱ የተለያየ ከሆነ ደግሞ ደረጃ 3 ላይ ያመለጣችሁ ነገር አለ።

ጊዜውንም ለዩ። ቀን 8 ሰዓት ላይ ሞክራችሁ ማታ 2 ሰዓት ላይ ድገሙት። ማታ ሰው ሁሉ ቤቱ ስለሚገባ ማማው ይጨናነቃል። ቁጥሩ ሳይለወጥ ፍጥነቱ ብቻ ከወረደ ስልኩን አትውቀሱ።

⚠️ ጥንቃቄ፦ *#*#4636#*#* በሚለው ኮድ ገብታችሁ ስልኩን «ኤልቲኢ ኦንሊ» ላይ ማድረግ ይቻላል። ስልኩ 4ጂውን ብቻ እንዲፈልግ ስለሚያስገድደው ለሙከራ ጥሩ ነው። እዚያው ላይ ከተዋችሁት ግን ዳታው ይፈጥናል፣ ጥሪ ላይገባ ይችላል። ስትጨርሱ መልሱት።

ደረጃ 9፦ ሁለቱን ሲም በቦታቸው አስቀምጡ

ሁለት ሲም የሚይዝ ርካሽ ስልክ ሁለቱን ቦታ እኩል ላያያቸው ይችላል። ቆየት ባሉትና በጣም ርካሽ በሆኑት ላይ 4ጂ የሚያገኘው አንዱ ቦታ ብቻ ነው። ሌላው 2ጂ ላይ ይቀመጣል። 07ን ለዳታ ከፈለጋችሁት ሲም 1 ላይ አስገቡትና ሞክሩ፣ ከዚያ ሲም 2 ላይ። «ሞባይል ዳታ» የሚለው ውስጥም 07 መመረጡን እዩ። ቦታው ትክክል ሆኖ ዳታው 09 ላይ ከተቀመጠ የ07 ጥቅላችሁ ሳይነካ የ09 ሂሳባችሁ ያልቃል።

ሦስት ቀዳዳ ያለው ይመስላችሁና ሁለቱ አንድ የሆኑበት ስልክም አለ። ሁለተኛውን ሲም ካስገባችሁ ሜሞሪ ካርዱ ይወጣል። ከመግዛታችሁ በፊት ማውጫውን ስባችሁ እዩት።

⚠️ ጥንቃቄ፦ 09 ሲማችሁን ወደ ሌላ ስልክ ከማዘዋወራችሁ በፊት ቴሌብርና የባንክ አፖቻችሁ በየትኛው ቁጥር እንደተመዘገቡ አስቡ። የማረጋገጫ ኮዱ የሚመጣው ወደዚያ ቁጥር ነው። ሲሙ ኔትወርክ በማይይዝ ስልክ ውስጥ ከሆነ ገንዘባችሁን እያያችሁ አታንቀሳቅሱትም። ኤምፔሳም ከ07 ቁጥራችሁ ጋር እንዲሁ ነው።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

«4ጂ ነው» የሚለውን ማመን። ካርቶኑ ላይ 4ጂ የሚል ጽሑፍ የትኛው ባንድ እንደሆነ አይናገርም። 5ጂ የሚለውም እንዲሁ። 5ጂ ብሎ ባንድ 20 የሌለው ስልክ አይቻለሁ።

ሲም በመቀስ መቁረጥ። አሁን የሚሰጡ ሲሞች በሦስቱም መጠን ተቆርጠው ነው የሚመጡት፣ በጣት መግፋት ይበቃል። በመቀስ የተቆረጠ ሲም ማውጫው ውስጥ ተቀርቅሮ የስልኩን ጥርስ ይሰብራል። ያኔ እውነትም የሚጠገን ነገር ይኖራል።

ኔትወርክ እንዲይዝ ብሎ ፍላሽ ማስደረግ። ፍላሽ ሶፍትዌር ይቀይራል። ስልኩ ውስጥ የሌለ የሬዲዮ ክፍል አይፈጥርም። እንዲህ ያስደረጉ ሰዎች ያጋጥሙኛል፣ ያተረፉት የጠፋ አይኤምኢአይ ነው።

የብረት ጌጥ ያለው ከቨር። አንቴናው ብዙ ጊዜ ከስልኩ ላይና ታች ጠርዝ ነው ያለው። ከመፈተሻችሁ በፊት ከቨሩን አውልቁ። የማግኔት መያዣ ያለውንም።

ቁልፍ ስልክ ላይ 4ጂ መጠበቅ። አብዛኞቹ ባለ ቶርቾቹ ስልኮች 2ጂ ብቻ ናቸው። ለመደወል ጥሩ ናቸው፣ ባትሪያቸውም ያስቀናል። ለእናታችሁ 07 ሲም አስገብታችሁ ከመላካችሁ በፊት ግን እናታችሁ ያሉበት ቦታ ላይ ደረጃ 6ን አድርጉ፣ ወይም እዚያ ያለ ሰው እንዲያደርገው ጠይቁ። ዝርዝሩ ውስጥ ከ63602 አጠገብ 2ጂ የሚል ካልመጣ 09 ይላኩላቸው።

ኔትወርክ ይጨምራል የሚባል ስቲከር። ከባትሪው ሥር የሚለጠፍ ወርቅማ ወረቀት ነው። አንዱን ልጄ እንትፍ ብላ ደብተሯ ላይ ለጥፋዋለች፣ እዚያ ያምራል።